ከኩሬው አልጠጣም ያለች ላም

ሥራ ያለው ሥራውን እየሠራ ይስማ፤ ሥራ የሌለው ዝም ብሎ ይስማ።

እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ከባሏ ስትፋታ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ንብረቱን አካፈሉ። ለእሱ ጥንድ በሬ፣ ለእሷ አንዲት ላም ደረሰች። ላሚቱ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ትባላለች። እንጉዳይ ቦራን እየነዳች ሟቹ አባቷ ወደተዉላት ማሳ ተመለሰች። ማሳው አለ፣ ጎጆው አለ፣ አባቷ በእጃቸው የቆፈሩት ኩሬም ከማሳው ግርጌ አለ። ኩሬውስ አለ ከተባለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደሩ ቦኖ ውሃ የገባለት ጊዜ ሰው ሁሉ ለኩሬው ጀርባውን ሰጠ። ቦዩን የሚጠርግ ጠፋ፣ አረሙን የሚነቅል ጠፋ። ቆይቶ ቦኖውም ተበላሸ። መለዋወጫው ይመጣል ይመጣል ሲባል ሁለት በጋ አለፈ። ሰው ከገደሉ ሥር ካለው ወንዝ መቅዳት ጀመረ፤ ደርሶ መልሱ ቀን ይፈጃል። ቦራ ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ገደል አትወርድም። ማክሰኞ እንጉዳይ በጀርባዋ ያመጣችውን አንድ ጀሪካን ውሃ ቦራ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው፤ ጨርሳም ሌላ አለ ወይ ብላ አየቻት።

ረቡዕ ጠዋት እንጉዳይ ላሟን ወደ ኩሬው ነዳች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦራ ጠጥታ እንድትረካ።

ቦራ አጎነበሰች፣ አሸተተች፣ ቀና አለች። ውሃው አረንጓዴ ነው። ላዩ ላይ አረፋ ቋጥሯል፣ ትንኝ ይርመሰመስበታል፣ ሽታው አፍንጫ ያስይዛል። እንጉዳይ አንገቷን እያሻሸች ለመነቻት። ቦራ ራሷን ነቀነቀች።

«አልጠጣም» አለች ቦራ። «እኔ ችዬ ብጠጣው፣ ሆዴ ውስጥ ያለው አይችለውም። ኩሬውን ጥራ በይው።»

እንጉዳይ ወደ ኩሬው ዞረች። ኩሬው ሆይ እባክህ ጥራ፤ ላሜ አልጠጣም ብላለች አለችው።

ኩሬው አንድ ትልቅ አረፋ አስነስቶ አፈነዳ። መጥራት መቼ ጠላሁ አለ። አባትሽ ሳሉ ከታች ያለው ጠጠር ይቆጠርብኝ ነበር። ቦኖ የመጣ ዕለት ግን ደህና ሁን ያለኝ ሰው የለም። አሁን ሆዴ ሁሉ ደለል ነው፤ የምንጩን ዓይን ደፍኖታል። የሚገባ ውሃ የለ፣ የሚወጣ ውሃ የለ። «ደለሉ ሳይነሳ አልጠራም» አለ።

እንጉዳይ ጎንበስ ብላ ደለሉን አናገረችው። ደለል ሆይ ተነስ። ኩሬው አልጠራም ብሏል፤ ላሜ አልጠጣም ብላለች።

ደለል እንቅልፋም ነው። ሁለት ጊዜ ጠርታው በሦስተኛው ነው የመለሰላት። ከላይ የወረድኩት በጎርፍ ነው፤ በእግሬ አልመጣሁም፣ በእግሬም አልሄድም አለ። ስድስት ክረምት እላዬ ላይ እየወረደ ጠጥሬያለሁ። «ዶማ ሳይቆፍረኝ አልነሳም» አለና ተመልሶ ተኛ።

እንጉዳይ ወደ ጎጆዋ ወጣች። የአባቷን ዶማ ከጣራው ሥር አወጣችው። ዶማ ሆይ ደለሉን ቆፍር። ደለሉ አልነሳም ብሏል፣ ኩሬው አልጠራም ብሏል፣ ላሜ አልጠጣም ብላለች።

ዶማው ሳቀባት። እጀታ ሳይኖረኝ በምን ልትይዢኝ ነው፣ በጥርስሽ? አለ። እውነቱን ነው፤ ዛቢያውን ምስጥ ጨርሶት ብረቱ ብቻ ቀርቷል። «የወይራ ዛቢያ ሳይገባልኝ አልቆፍርም» አለ። ባሕር ዛፍም አልፈልግም፣ ግራርም አልፈልግም አለ። አባትሽ ያስለመዱኝ ወይራ ነው።

እንጉዳይ ወይራ ከመለመኗ በፊት አጭሩን መንገድ ሞከረች። ከእሷ ማሳ በላይ አያ ቸኮል የሚባሉ ጎረቤት አሉ። ዶማ አላቸው፤ ዛቢያውም ደህና ነው። ሄዳ ለሁለት ቀን እንዲያውሷት ለመነቻቸው። አያ ቸኮል ከጎተራቸው ጥላ ሳይነሱ አዩዋት፤ ቦራንም ከሩቅ አዩዋት።

«ለሞተ ኩሬ ዶማ አላውስም» አሉ አያ ቸኮል። «ሰው ከኩሬ ጋር ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ይልቅ ልምከርሽ፤ ላሚቱ በእግሯ ቆማ ሳለች ቅዳሜ ገበያ አውጪያት። ከተኛች ወዲያ የሚገዛሽ ቆዳ ፈላጊ ነው።»

እንጉዳይ ክፉ አልመለሰችም፤ ምክራቸውን አመስግና ወረደች። በሆዷ ግን ቀኑን ቆጠረች። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ቦራ ከተሸጠች ጥጃውም አብሮ ይሸጣል፤ ለእሷ የሚቀራት ገመዱ ብቻ ነው።

ወይራው ከማሳው ወሰን ላይ ቆሟል። እንጉዳይ ከሥሩ ቆማ ቀና አለች። ወይራ ሆይ አንድ ቅርንጫፍ ስጠኝ። ዶማው አልቆፍርም ብሏል፣ ደለሉ አልነሳም ብሏል፣ ኩሬው አልጠራም ብሏል፣ ላሜ አልጠጣም ብላለች።

ወይራ ኮስታራ ዛፍ ነው፤ ቃሉ አጭር ነው። ቅርንጫፍ አልነፍግም አለ። ለአባትሽም ሰጥቻለሁ፣ ለአባታቸውም ሰጥቻለሁ። ነገር ግን የደነዘ ምሳር አይቆርጥም፣ ያኝካል። የታኘከ ቅርንጫፍ ደግሞ አይሽርም፤ ከላይ ይደርቃል፣ ድርቀቱ ወደ ሥር ይወርዳል። «ስል ምሳር ካልመጣ አልሰጥም።»

ምሳሩ ከደጇ ግንድ ላይ እንደተሰካ ዝጓል። እንጉዳይ ነቅላ ዝገቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት። ምሳር ሆይ ወይራውን ቁረጥ። ወይራው አልሰጥም ብሏል፣ ዶማው አልቆፍርም ብሏል፣ ደለሉ አልነሳም ብሏል፣ ኩሬው አልጠራም ብሏል፣ ላሜ አልጠጣም ብላለች።

ምሳሩ አፈረ። አፌን እዪው አለ፤ አፉ እንደ አሮጊት ድድ ሆኗል። ከአባትሽ እጅ ከወጣሁ ወዲህ እሳት አላየሁም። ድንጋይ ላይ ብታፋጪኝ ለአንድ ምት ነው። «ቀጥቃጭ በእሳት ሳያድሰኝ አልቆርጥም።»

ቀጥቃጩ የሚኖረው ከመንደሩ ዳር፣ ከሸንተረሩ ማዶ ነው። በዚያ አገር ማረሻው የእሱ ሥራ ነው፣ ማጭዱ የእሱ ሥራ ነው፣ የበር መቀርቀሪያው የእሱ ሥራ ነው። ቤቱ ግን የሚገባ ሰው የለም። ልማዱ እንዲህ ነበር፦ ብረት ያለው ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጣራል፤ ብረቱን በአጥሩ ላይ ያሳልፋል፤ ብረት መንከሪያ ውሃ በተሰበረ ገል አምጥቶ ደጁ ያስቀምጣል። ሥራው ሲያልቅ ብረቱን ይወስዳል፣ ገሉን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ከንፈሩ ነክቶት ይሆናል ብሎ ማንም ዕቃውን ወደ ቤቱ አይመልስም። የቀጥቃጩ ደጅ የገል ክምር ነበር።

እንጉዳይም ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ከአጥሩ ውጭ ቆማ ቀጥቃጭ፣ አለህ ብላ ተጣራች። አለሁ የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ቀጥቃጭ ሆይ ምሳሩን ቀጥቅጥልኝ አለች። ምሳሩ አልቆርጥም ብሏል፣ ወይራው አልሰጥም ብሏል፣ ዶማው አልቆፍርም ብሏል፣ ደለሉ አልነሳም ብሏል፣ ኩሬው አልጠራም ብሏል፣ ላሜ አልጠጣም ብላለች።

ከውስጥ ሳያቋርጣት አዳመጣት። ከዚያ ወጥቶ በአጥሩ ክፍተት አያት። ጢሙ በፍንጣሪ የተለበለበ፣ ክንዱ እንደ ጠፍር የጠነከረ ሰው ነው። ሚስቱ ከኋላው መሬት ላይ ተቀምጣ ሸክላ ታድቦለቡላለች።

«ሰው ሁሉ ውሃ የሚያመጣልኝ በገል ነው» አለ። «ሥራዬን ይዞ ይሄዳል፣ ገሉን ደጄ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ዘንድሮ በገል የመጣ አልቀበልም። አንቺ በምትጠጪበት ቅል ጥሩ ውሃ አምጪልኝ። እኔ እጠጣለሁ፣ ከእኔ ቀጥለሽ አንቺ ትጠጫለሽ፣ በተረፈው ምሳሩን እነክራለሁ። ያ ካልሆነ አልቀጠቅጥም።»

እንጉዳይ ምሳሩን አጥሩ ሥር አስቀመጠች። ዞራ ልትሄድ ስትል የቀጥቃጩ ሚስት ከጭቃዋ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ስሙ ቢምረው ነው» አለች።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ እንጉዳይ ቅሏን ይዛ ወደ ኩሬው ወረደች። ቦራ ከኋላዋ ተከተለች፤ እርምጃዋ ከትናንቱ ከብዷል፣ አፍንጫዋ ደርቋል። ኩሬው ሆይ አንድ ቅል ጥሩ ውሃ ስጠኝ አለች እንጉዳይ። አያ ቢምረው አልቀጠቅጥም ብለዋል፣ ምሳሩ አልቆርጥም ብሏል፣ ወይራው አልሰጥም ብሏል፣ ዶማው አልቆፍርም ብሏል፣ ደለሉ አልነሳም ብሏል፣ ኩሬው አልጠራም ብሏል፤ አለችና አፏን ያዘች። ዞራ ዞራ የምትለምነው ኩሬ ላይ ደርሳለች።

ኩሬውም ገባው። እኔን ለማጥራት ከእኔ ጥሩ ውሃ ትጠይቂኛለሽ አለና አረፋውን አከታትሎ አፈነዳ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቅሉን ወርውሮ ላሙን ለገበያ ያዘጋጅ ነበር። እንጉዳይ ግን ተቀመጠች። ተቀምጣ ዳሩን አየች። ከኩሬው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ አሸዋማ ቦታ አለ። አባቷ በክፉ ዘመን እዚያ ላይ ጠባብ ጉድጓድ ሲጭሩ ታውቃለች፤ የገማ ውሃ በአሸዋ ውስጥ ሲያልፍ ሽታውን ጥሎ ይመጣል። ተነስታ በጣቷ ቆፈረች። ጣቷ ሲደክም በእንጨት ስባሪ ጫረች። ክንዷ እስከ ክርኗ ሲገባ አሸዋው ረጠበ።

አሸዋ ሆይ እባክህ ውሃ ስጠኝ ልትል አፏን ስትከፍት አሸዋው ቀደማት። ታሪኩን አውቄዋለሁ፣ ከማለዳ ጀምሮ ስሰማሽ ነው አለ። አልከለክልሽም፤ ግን አልቸኩልም። የመጀመሪያው ውሃ ድፍርስ ነው፣ ጭለፊና ድፊው። ሁለተኛውንም ድፊው። ሦስተኛውንም ድፊው። በአራተኛው የምሰጥሽ የሚጠጣ ነው።

እንጉዳይ የተባለችውን አደረገች። ለተጠማ ሰው ውሃ መድፋት ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ ደፋች፣ ሁለት ጊዜ ደፋች፣ ሦስት ጊዜ ደፋች። አራተኛው በጠብታ በጠብታ ተጠራቀመ፤ ቅሉ እስኪሞላ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ውሃው የጠራ ነው፤ የቅሉ ጠባሳ ከሥሩ ይታያል።

ይሄኔ ቦራ መጣች። አፍንጫዋን ወደ ቅሉ ዘረጋች። ይህንንስ እጠጣለሁ የምትል ትመስላለች። እንጉዳይ ራሷም ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ጉንጭ ውሃ አልቀመሰችም። ቅሉን ደረቷ ላይ ያዘች። በሌላው እጇ የላሟን ፊት ያዘች።

«ቦራዬ፣ ይህ ምላስሽን ያርሳል እንጂ አያረካሽም» አለች። «ለዛሬ ክጄሻለሁ፤ ታገሺኝ።»

ለላሟ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። ወደኋላ ብትመለከት እንደምትሰጣት ስላወቀች አልተመለከተችም።

መንገዱ በአያ ቸኮል ማሳ ጥግ ያልፋል። አያ ቸኮል የያዘችውን ቅል አይተው ወዴት ነው አሏት። ወደ አያ ቢምረው ቤት አለች። ቢምረው ማን እንደሆነ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲያስታውሱ ደነገጡ። በመጠጫሽ ቅል? ሰብረሽው ነው የምትመለሺው፣ ከዚያ በቅጠል ትጠጪ እንደሆነ እናያለን አሏት። እንጉዳይ ውሃው እንዳይፈስባት እያየች ቅሌ ነው፣ አያ ቸኮል ብላ አለፈች።

ከቀጥቃጩ አጥር ስትደርስ ውጭ አልቆመችም። በበሩ ገባች። አያ ቢምረው እንደምን ዋሉ አለች፤ ሚስቱንም እንደምን ዋልሽ ብላ ስሟን ጠየቀች፤ ሙጬ ነኝ አለቻት። ቅሉን በሁለት እጇ አቀረበች።

ቢምረው እጁን በሱሪው ጠረገ። ቅሉን ተቀበለ። አንድ ጉንጭ ጠጣና መልሶ ሰጣት፤ ዓይኑንም ከእሷ ላይ አላነሳም። ሙጬ ጭቃ ማድቦልቦሏን አቆመች። እንጉዳይ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለዚህ ቤት የተነገራትን ሁሉ ታውቃለች። ቅሉን አዙራ ያልነካውን ጠርዝ መፈለግ ትችል ነበር። አላዞረችም። የእሱ ከንፈር በነበረበት ቦታ ከንፈሯን አድርጋ ጠጣች። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ትንሽ ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል።

«ምሳሩን አምጪው» አለ ቢምረው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ዓይን ያለው ሰው ሊያየው ይገባ ነበር። ሙጬ ወናፉን ትጫነዋለች፣ ከሰሉ ይቀላል። ቢምረው ምሳሩን በጉጠት ይዞ እሳት ውስጥ ይከታል፤ ቀለሙን አይቶ እንጂ ቆጥሮ አያወጣም። በመዶሻ ሲመታ ሁለት ምት ያጠብቃል፣ አንዱን ያላላል። ብረቱ እንደ ሊጥ ይታዘዘዋል። ሲጨርስ የተረፈውን ውሃ ወደ መንከሪያው ገለበጠ፣ ምሳሩን ነከረ፣ ብረቱ ፉት አለ። ጠርዙን በጥፍሩ ላይ ፈትሾ ለእንጉዳይ ሰጣት። ቅሉንም ሰጣት። እሷም ቅሉን በወገቧ ገመድ አንጠለጠለች እንጂ የገሉ ክምር ላይ አልጣለችውም።

ልትወጣ ስትል ቢምረው መዶሻውን አንስቶ ተከተላት። ዛቢያ በደንብ ካልገባ ዶማው ከእጅሽ ዘሎ እግርሽን ይመታል አለ። ሙጬም ጭቃዋን ሸፍና ቅርጫት ይዛ ተነሳች። የኩሬ ደለል ውስጥ የሸክላ አፈር አይጠፋም አለች።

በዚያው ዕለት ቢምረው ምሳሩን ስለቀጠቀጠ ምሳሩ ቆረጠ። ምሳሩ ስለቆረጠ ወይራው ሰጠ፤ በአንድ ምት ስለሆነ አልታመምኩም አለ። ወይራው ስለሰጠ ዶማው ዛቢያ አገኘ። ከአሸዋው ጉድጓድ የሚንጠባጠበውን ውሃ እንጉዳይ እስኪመሽ ቅል በቅል ለቦራ አቀረበች። አላረካትም፤ ግን እንዳትተኛ አደረጋት።

ዓርብ ሥራ ተጀመረ። ቢምረው መጀመሪያ የኩሬውን መውጫ ቦይ አስከፈተ፤ የገማው ውሃ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። ከዚያ እንጉዳይ ዶማውን አነሳች። ደለሉ በመጀመሪያው ምት ተነጫነጨ፣ በሁለተኛው ነቃ፣ በሦስተኛው ተነሳ። ስትደክም ቢምረው ይቀበላታል፣ ሲደክመው ትቀበለዋለች። ሙጬ ቢጫውን ጭቃ ለሸክላዋ ለየች፣ ጥቁሩን ማሳው ዳር ከመረች።

ቀትር ላይ አያ ቸኮል ከላይ ሆነው ክምሩን አዩ። ወረዱ። ከጥቁሩ አፈር አንድ እፍኝ አንስተው አሸተቱ፣ በጣታቸው ፈረፈሩት። ይህ የእኔ ማሳ አፈር ነው አሉ። ስድስት ክረምት ጎርፍ ሲወስድብኝ የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር።

«ዶማዎን ይዘው ይምጡና ይውሰዱት፣ አያ ቸኮል» አለች እንጉዳይ።

አያ ቸኮል ቢምረውን አዩ፣ ቢምረውም አያቸው። ሽማግሌው እፍኙን አፈር ወደ ክምሩ መለሱ። ከዚያ ወጡ፣ ዶማቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ኩሬው ውስጥ ገብተው ከቢምረው ጎን ቆፈሩ። በሦስት ሰው ጉልበት ፀሐይ ሳትጠልቅ የምንጩ ዓይን ተገለጠ። ውሃው መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ ፈላ፣ ቀጥሎ ቀጠነ፣ ቀጥሎ እንደ መስታወት ሆነ። እንጉዳይ ቅሏን ከምንጩ ሞላችና ለቢምረው ሰጠች። ቢምረው ጠጥቶ ለሙጬ ሰጠ፣ ሙጬ ለእንጉዳይ መለሰች፣ እንጉዳይ ጠጥታ ለአያ ቸኮል ዘረጋች። አያ ቸኮል ቅሉን አዩት። ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጠጡ። እንጉዳይ አልከፋትም፤ ከአንድ ምንጭ መጠጣታቸው ለአንድ ቀን በቂ ነው ብላ ተወቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያተኛው ከብቱን እየነዳ በማሳው አጠገብ ያልፋል። በሬ አለ፣ በግ አለ፣ በገመድ የሚጎተት የከሳ ላም አለ። እንጉዳይ ቦራን ወደ ገበያተኛው አልነዳቻትም፤ ወደ ኩሬው ወረደች። ሌሊቱን ምንጩ ሲሞላ አድሮ ድፍርሱ ሁሉ ዘቅጧል። ከታች ያለው ጠጠር ይቆጠራል።

እንጉዳይ ከአንድ ቅል ጠጣች፤ ቢምረው ቀጠቀጠ፣ ምሳሩ ቆረጠ፣ ወይራው ሰጠ፣ ዶማው ቆፈረ፣ ደለሉ ተነሳ፣ ኩሬው ጠራ።

ቦራ አጎነበሰች። አሸተተች። ቀና ብላ እንጉዳይን አየቻት። ከዚያ አፏን ውሃው ውስጥ ከተተች። ጉሮሮዋ ሲወጣ ሲወርድ ይታያል። ትንፋሽ ልታወጣ ቀና ስትል ከአገጯ ውሃ እየተንጠባጠበ ነው። እንጉዳይ እጇን በላሟ ጎን ላይ አሳረፈች፤ ከውስጥ አንድ ነገር ረገጣት። ቦራ እንደገና አጎነበሰች።

ወሬው እዚህ ላይ አለቀ። ላሚቱ ግን ገና እየጠጣች ነው፤ እስክትረካ አትንኳት።